የነቀዝ መድኃኒት

ኢሊሊ በረንዳው ላይ ስትደርስ እናቷ የጆንያውን አፍ ሊፈቱት ምንም አልቀራቸው። የሲባጎውን አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሌላውን በጣታቸው እያላሉ ነው። መጮህ ፈራች፤ ዝም ማለትም ፈራች። በቃ ጠጋ ብላ እጇን እጃቸው ላይ ጫነችና "ተይው አዮ፣ እዮኤል ሲመጣ ይፈታዋል" አለቻቸው። እናቷን አዮ ነው የምትላቸው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ በኦሮምኛው።

"ምነው? ያሰርኩት እኔ፣ መፍታቱ ለምን ያቅተኛል?" አሉ እማማ ደሜ፣ ሲባጎውን ከጥርሳቸው ሳይለቁት።

"አያቅትሽም። ደክሞሻል ብዬ ነው።"

"እኔ ነኝ የደከመኝ?"

ቀና ብለው አይዋት። ሻሿን አዩ። ቅንድቧ የነበረበትን ቦታ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቀሚሷ ደረት ወረደ፣ በቀኝ በኩል ጨርቁ ምንም ሳይዘው ልሙጥ ብሎ ወደ ወረደበት፣ ግን እዚያ ሳይደርስ መለሱት። ሲባጎውንም ለቀቁት።

አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው ይሄ፣ እነ ኢሊሊ ግቢ፣ ቅዳሜ ረፋድ። እማማ ደሜ የመጡት ትናንት ነው። ከጉደር ማዶ ካለው ቀያቸው አውቶቡስ ተሳፍረው አስኮ መናኸሪያ ሲወርዱ የኢሊሊ ባል እዮኤል ሄዶ ተቀበላቸው። ጆንያውን ከአውቶቡስ አናት አስወርደው፣ የሚኒባሱ ወያላ "ለጆንያው ይከፈላል" ሲላቸው "ጆንያው ወንበር ላይ ይቀመጥና እኔ መሬት ልቀመጥ?" ብለው ታክሲውን በሙሉ አስቀው ነው ያሸነፉት። እንዲህ ናቸው እማማ ደሜ። ከዚያ እዚያው ታክሲ ውስጥ እዮኤል ነገራቸው። ስልክ ላይ "ትንሽ አሟት ነበር" ብቻ ነበር የተባሉት። ጡቷ መቆረጡን፣ የጡት ካንሰር መሆኑን፣ ኪሞ እየወሰደች መሆኑን የሰሙት በዚያች መንገድ ላይ ነው።

ጆንያው ግን የጤና ጊዜና የበሽታ ጊዜ አይለይም። እህል በተሰበሰበ ቁጥር ይመጣል። ባቄላ አለበት፣ ሽምብራ አለበት፣ ከላይ በፌስታል ተቋጥሮ ደሞ ሱፍ፣ እሱ ለራዕይ ነው። ራዕይ የኢሊሊ አንድ ልጇ ናት፣ ስምንተኛ ክፍል። ይሄ ጆንያ ሲፈታ ምን እንደሚሸት የቤቱ ሰው በሙሉ ያውቀዋል። ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ቁምሳጥን ውስጥ ክኒን የተፈጨ ነው የሚመስለው። ድሮ ድሮ ኢሊሊ ሲሸታት "መጣልኝ የአገሬ እህል" ትል ነበር። ዛሬ ገና ታስሮ እያለ ሸተታትና አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ያዘች። የኪሞው ነው ብላ ለራሷ ነገረች። የኪሞው አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ራዕይ ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያን ጊዜ የቤተክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት በየሳምንቱ በየቤቱ ይዞር ነበር፣ አሁንም ይዞራል። አንደኛዋ ቤት ይጸለያል፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣል፣ ያለው ነገር ይቀርባል። ተራው የኢሊሊ ሲሆን ኢሊሊ ንፍሮ ቀቀለች። አገር ቤት ከእናቴ የመጣ ባቄላና ሽምብራ ነው፣ የሱቅ አይደለም፣ የሱቁ ምን እንደሚደባለቅበት አይታወቅም ምናምን ብላ በደንብ ኮርታበት ነው ያቀረበችው። ሩሃማ፣ የኅብረቱ መሪ፣ አንዲት ፍሬ ጥቁር ነገር በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛት ዞረች። ነቀዝ ነው፣ የተቀቀለ።

"እህት ኢሊሊ፣ ጌታ ይባርክሽ" አለች ሩሃማ፣ ፊቷ ላይ አንዳች ፈገግታ ሳይታይ፣ "ጥራጥሬ ነው ብለሽ ጠርተሽ ሥጋ አበላሽን።"

ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኢሊሊም ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ ጆሮዋ ግን እስከ ሥሩ ጋለ። ሴቶቹ እንደወጡ፣ ብርጭቆው ሳይነሳ፣ ስልኳን አንስታ ጉደር ደወለች። እናቷ ደስ ብሏቸው "አቤት የኔ ልጅ" ሲሉ "አዮ፣ አሳፈርሽኝ" ብላ ጀመረች። "የምትልኪው እህል እኮ በእግሩ እየሄደ ነው የሚመጣው። ካልቻልሽ ተይው፣ ከሱቅ እገዛለሁ።"

"እሺ ልጄ" አሉ እማማ ደሜ።

ይቺ ናት ሙሉዋ ጥፋት። ስታስቡት ከደቂቃ የማትረዝም ስልክ ናት። ኢሊሊ ደውላ እንደዘጋች ረሳቻት። እናቷ አልረሷትም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሄደው፣ አፉ የተከፈተ ትልቅ ከረጢት ፊቱ ዘርግቶ ነጭ ዱቄት በስኒ እየሰፈረ ከሚሸጥ ሰውዬ ገዙ። ዱቄቱ ስሙ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጽሑፍ የለበትም፣ ቢኖርበትም እማማ ደሜ አያነቡም። አገሩ በሙሉ ዲዲቲ ነው የሚለው፣ ይሁን አይሁን እግዜር ነው የሚያውቀው። የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ ይሸጣል፣ የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ ይገዛል። መድኃኒት የተባለ ነገር ደሞ ማን ይፈራል?

በቀጣዩ ዓመት ጆንያው ሲፈታ እህሉ ዱቄት ላይ የተንከባለለ መስሎ ነጥቶ መጣ፣ አንዲት ነቀዝ በመድኃኒት ብትፈለግ የለችም። ኢሊሊ ያንኑ ዕለት ደወለችና "አሁን ነው እህል የላክሽልኝ" አለቻቸው። እማማ ደሜ በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ይሰማ ነበር፣ የትምህርት ቤት ሽልማት እንደወሰደ ሰው።

ከዚያ ወዲያ በቃ ልማድ ሆነ። ኢሊሊ ጆንያውን በረንዳ ላይ ታወጣና ወንፊት ይዛ ትነፋዋለች፣ ነጩ አቧራ ፊቷ ላይ ሲበን አፏን ዞር እያደረገች እፍ ትላለች። ውሃ ካለ ታጥበዋለች። ዓለም ባንክ ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፣ ከሌለ ደግሞ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ትቆላዋለች። ወፍጮ ቤት ሲሄድ የወፍጮው ሰው ይመር ከሩቁ ያስነጥሰው ነበር። "እናንተ እህላችሁ ጉንፋን ይዞታል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት እንጂ ለምን እኔ ጋ ታመጡታላችሁ?" ይላታል፣ ትስቃለች። ጣቶቿ መሃል ሲያሳክካት ቫዝሊን ትቀባለች። ለኅብረቱ ሴቶች በጣሳ በጣሳ ታድላለች። ሩሃማ ሳትቀር፣ እንዲያውም ሩሃማ ከሁሉም የሚበልጥ ድርሻ ነበራት፣ ያቺ ቀልድ እንድትረሳ ኢሊሊ ሆን ብላ ነው የምታበዛላት።

ስለ ዱቄቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰበችው ሆስፒታል፣ ኪሞ ለመውሰድ ወረፋ ስትጠብቅ ነው። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አበባ እርሻ ነበር የምትሠራው። መርጨት አልቆ ገና ሳይደርቅ ግቡ ይሉን ነበር እያለች ታወራለች፣ ልብሷን ቤት ወስዳ ከልጆቿ ልብስ ጋር ታጥበው እንደነበር፣ ሽታው ከአፍንጫዋ እስካሁን አልወጣ እንዳለ። ኢሊሊ ስለሽታው ስትሰማ ቀዘቀዘች። ምን ዓይነት ሽታ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ስትነግራት የጆንያው ሽታ ራሱ ነው፤ ኢሊሊ ተራዋ እስኪደርስ እጇን እያየች ተቀመጠች።

ሐኪሙን ጠየቀችው። ወጣት ነው፣ በዕድሜ ከሷ ሳያንስ አይቀርም። አይስቅብኝ ይሆን ብላ ነበር፣ አልሳቀም። ወንበሩን አዙሮ በደንብ አዳመጣትና እንዲህ ዓይነት ነገሮች አንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ከገቡ ስብ ላይ ተቀምጠው ለዓመታት እንደሚቆዩ፣ በጡት ወተትም እንደሚያልፉ ነገራት። ከሴቶች ካንሰር ጋር ያገናኟቸው ጥናቶች አሉ፣ አላገኘንም ያሉም አሉ። ጥናት የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው እንጂ ለአንዲት ሴት፣ ላንቺ፣ ያመጣብሽ ይሄ ነው የሚል ሐኪም የለም አላት። ደምሽን ብንመረምረው እንኳ መኖሩን ነው እንጂ ጥፋተኛ መሆኑን አይነግረንም። አንድም ዱቄት ያልነካቸው ሴቶች እዚህ አልጋ ላይ አሉ። ራስሽን አትክሰሽ፣ ማንንም አትክሰሽ።

ይሄን ሁሉ ሰምታ ልትነሳ ስትል ነው የመጨረሻዋን የጨመረው። "ግን አትብዪው። እዚያ ያሉትም እንዲተዉት ንገሪያቸው።"

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የቀረውን እህል እዮኤል ማታውኑ አውጥቶ ጣለው። ሁለተኛው ነው አላስተኛ ያላት። እዚያ ያሉት ማለት እናቷ ናቸው፣ ታናሽ እህቷ ዱሬቲ ናት። ዱሬቲ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እያጠባች ነው፣ ከእናቷ ጎተራ ነው የምትበላው። ለዱሬቲ ብቻዋን በስልክ እንዳትነግራት፣ ዱሬቲ ሆዷ ውስጥ ነገር ከምሳ እስከ እራት አያድርም፣ ስልኩም የእናትየው ነው። እናቷን አትጠቀሚ ብትላቸው ለምን ይላሉ። ለምን ሲሉ ምን ትላለች? እማማ ደሜ ደደብ አይደሉም። ልጄ በዚህ በሽታ ታመመች፣ ዱቄቱን ተይ ተባልኩ፣ ብለው ሁለቱን ለማገናኘት ትምህርት ቤት መግባት አይጠበቅባቸውም። እና እኚህ ሴትዮ በየዓመቱ ለልጃቸው ምግብ ብለው የላኩት ምን እንደነበር ሲገባቸው እንዴት ሆነው ይኖራሉ?

ራዕይም አለች። ኢሊሊ ያን የመጀመሪያውን ነጭ እህል እየበላች ነው ራዕይን ያጠባቻት። ይህንን ግን ማሰብ በጀመረች ቁጥር ትነሳና ዕቃ ታጥባለች፣ የታጠበውን ዕቃ።

እዮኤል ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የማይሠራ ነገር ሲያይ ዙሪያውን ሄዶ ሌላ መስመር መዘርጋት ልማዱ ነው። "ለምን እንነግራታለን? የተሻለ ነገር እንሰጣታለን፣ ዱቄቱን ራሷ ትጥለዋለች" አለ። ሄዶ የእህል ማስቀመጫ ከረጢት ገዛ፣ ያ ሦስት ድርብ የሆነውን፣ አየር የማያስገባውን። በዚሁ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ሲመለስ አማቱን በረንዳ ላይ አስቀምጦ ከረጢቱን ዘረጋላቸው።

"ይችን ይዩልኝ እማዬ" አላቸው። እህሉ ይገባል፣ አየሩ ይጨመቃል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ነቀዙ ትንፋሽ አጥቶ እዚያው ያልቃል፣ በቃ፣ ምንም መድኃኒት አያስፈልግም እያለ አስረዳቸው። እማማ ደሜ ከረጢቱን እንደ ሸማ በጣታቸው አሹት፣ በአፋቸው ነፍተው ጨመቁት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አየር ያወጣ እንደሆነ ሰሙት።

"ወይ ጉድ" አሉ፣ "ነቀዝም ትንፋሽ አለው ለካ። እኔ እኮ ጥርስ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።"

ኢሊሊ ከበሩ ሆና ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ሳትስቅ ቆይታለች። እዮኤልም በረታ፣ እንግዲህ ያ ነጭ ዱቄት ከነሽታው ቀረልዎት አላቸው። እማማ ደሜ ከረጢቶቹን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና ባረኩት፣ ልጅ ይውጣልህ፣ ሥራህ ይባረክ አሉት። ከዚያ በጣም ቀለል አድርገው ቀጠሉ።

"ለኛ ቤት እውነትህን ነው፣ ይበቃል። የኢሊሊን ግን መድኃኒቱንም ጨምሬ ነው የማስርላት። መንገዱ ሩቅ ነው። ለሷ ሁልጊዜም እጥፍ ነው የማደርገው፣ እሷ እኮ ነቀዝ አትወድም።" ትንሽ አሰቡና "አሁን ደሞ ለዱሬቲም እንደሷ እያደረግኩ ነው" አሉ። "የምታጠባ ሴት የተበላ እህል አትበላም።"

እዮኤል ወደ ኢሊሊ ዞረ። ኢሊሊ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። ሐኪሙ እኮ ሽታ ከልክሏታል ብሎ ሞከረ እዮኤል። ፀሐይ ላይ ታውለዋ፣ ሽታው ይጠፋል አሉት። ኧረ ዘንድሮ እህል ራሱ በርከት ብሎብናል አላቸው። እህል በዛብኝ የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ ብለው ሳቁበት።

እጥፍ። ኢሊሊ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሷ ያቺን ስልክ ስትደውል የፈለገችው ሩሃማ ፊት ላለማፈር ነበር። ለዚያች ቀልድ ነው ይሄ ሁሉ። ያን ዕለት ነቀዙን አንስታ ጥላ፣ እሷም መልሳ ቀልዳ ብታልፈው ኖሮ፣ "አገር ቤት ከነሥጋው ነው የሚላክልን" ብትል ኖሮ፣ በቃ እዚያው ያልቅ ነበር። ስንት ጊዜ ይችን መልስ በልቧ እንደመለሰችላት። በጣም ጥሩ መልስ ነበረች፣ ሰዓቷ አልፎ ነው እንጂ።

አሥር ሰዓት ገደማ ሩሃማ መጣች። ሩሃማ ታውቃለች። ኢሊሊ ባለፈው ሳምንት ጠርታ ነግራታለች፣ ጣሳ ጣሳውን የበላችው እሷም ናትና ህሊናዋ እንቢ ብሏት። ያን ጊዜ ሩሃማ ሳይታወቃት እጇ በነጠላዋ ሥር ገብቶ የራሷን ደረት ዳሰሰ። ከዚያ ትመረመራለች፣ ሌሎቹም ሴቶች እንዲመረመሩ ምክንያቱን ሳትናገር ትመክራለች፣ የእናትሽን ነገር ግን ለማንም አልተነፍስም ብላ ማለች። ደሞ አልተነፈሰችም። ሩሃማ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት፣ ይህንን ማንም አይክዳትም።

እማማ ደሜን አቅፋ ሳመቻቸው፣ ስለ መንገዱ ጠየቀቻቸው፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት እንጸልይ አለች። እማማ ደሜም የጸሎት ሰው ናቸው፣ ቶሎ ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሩሃማ አንድ እጇን ኢሊሊ ትከሻ ላይ ጫነች፣ ሌላውን ወደ ላይ ዘረጋች። የሩሃማ ጸሎት የሰማት ሁሉ እንደሚያውቀው ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ዓይኗን ጨፍና ያለችበትን ቤት ትረሳለች። አመሰገነች። የዶክተሮቹን እጅ ባረከች። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ማብቂያ እማማ ደሜ "አሜን" ይላሉ፣ ከሆዳቸው፣ አንድም ሳይዘሉ።

"በእህሉ የገባውን መርዝ" አለች ሩሃማ፣ ድምፅዋ ከፍ እያለ፣ "በዚያ በነጭ ዱቄት ወደ ደሟ የገባውን፣ አባት ሆይ፣ ከሥሩ ንቀልላት።"

"አሜን" አሉ እማማ ደሜ።

"ሳታውቅ ያደረገችውን እናቷንም አትቁጠርባት።"

አሜን አልመጣም።

ኢሊሊ ዓይኗን ገለጠች። እማማ ደሜ እጃቸውን እንደዘረጉ ዓይናቸው ተከፍቶ ሩሃማን እያዩ ነው። ሩሃማ የለመደችውን አሜን ስታጣ ነው የነቃችው። ለሰው አልነገረችም እኮ። ለጌታ ነው የነገረችው፣ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሻይ ሳትጠጣ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይስተካከል፣ ይቅርታ እንኳ መሃል ላይ ተሰብሮባት ወጣች። እዮኤል ራዕይን ከኳየር ልምምድ ላምጣት ብሎ ተከትሎ ወጣ። ራዕይ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ግን ወጣ።

እማማ ደሜ ባኞ ቤት ገቡ። ውሃ የለም፣ ከጀሪካን እየቀዱ እጃቸውን ሲያጥቡ ኢሊሊ ከውጭ ትሰማለች። ቀዱ፣ አጠቡ፣ እንደገና ቀዱ። ለውሃ የሚሳሱ ሴት ነበሩ፣ ትናንት ራዕይን ጥርሷን ስትፋቅ ሳይቀር የተቆጧት። ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርናቸው ይንጠባጠባል፣ ፎጣውን አልፈለጉትም። መጥተው አጠገቧ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ግን ጭናቸው ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ዘርግተው ያዙት፣ የሰው ዕቃ አደራ የተቀበሉ ይመስል።

"አዮ" አለች ኢሊሊ፣ "እኔ ነኝ ደውዬ አሳፈርሽኝ ያልኩሽ። አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"አንቺ ነቀዝ አለበት አልሽ እንጂ መርዝ ጨምሪበት አላልሽም።"

ከዚያ ቀስ ብለው ያወሩላት ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን፣ ዱቄቱን ከገበያ ያመጡ ዕለት፣ በማንኪያ ቢበትኑት ለሁሉም ፍሬ አይደርስም ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው ገብተው እንዳሹት። አንድ በአንድ፣ አንዷም ፍሬ ሳትቀር። እያሹ ይጸልዩ እንደነበር፣ ይሄ እህል ልጄን ሰው ፊት አያሳፍርብኝ እያሉ። እጃቸው ለሁለት ቀን እንዳቃጠላቸው፣ ሲያቃጥላቸው ደግሞ መድኃኒቱ ጠንካራ ነው ብለው ደስ እንዳላቸው። ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ኢሊሊ ያለቅሳሉ ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ቢያለቅሱ ይሻላት ነበር፣ ታቅፋቸዋለች፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ጥያቄውም በለቅሶው ውስጥ ይጠፋል።

አላለቀሱም። ዞረው ፊቷን አዩ፣ ከዚያ ጠዋት ሊያዩት ያልደፈሩትን ቦታ፣ ደረቷን፣ በደንብ አድርገው አዩት።

"ጡትሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ?" አሉ።

ሐኪሙ እንደሱ አይባልም ብሏል፣ በምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም ብሏል ብላ ልትጀምር ስትል በእጃቸው አስቆሟት፣ ሳይነኳት፣ ከሩቅ።

"ሐኪሙን አልጠየቅኩም። ሐኪሙ አያውቀኝም። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ፣ ልጄን። አይደለሽም ካልሽኝ አምንሻለሁ፣ ይቺ ሩሃማም የማታውቀውን ነው የቀባጠረችው እላለሁ፣ ቤቴ ገብቼ እንደ ድሮዬ እኖራለሁ። ነሽ ካልሽኝ ደግሞ ነሽ በይኝ። ግን ነሽ ካልሽኝ፣ ከእንግዲህ በየትኛው እጄ ነው የማጎርስሽ?"

ጠበቁ። ውጪ የታክሲ ረዳት ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ እያለ ይጣራል። ኢሊሊ አይደለሽም ብትላቸው እናቷ ይድናሉ፣ እውነት አለመሆኑንም የሚያረጋግጥ ሰው የለም። ግን እንደ ድሮዬ ያሉት እጅጌያቸውን ሰብስበው እስከ ክርናቸው የሚገቡበትን ነው፣ ዱሬቲ ደሞ እያጠባች ነው። ነሽ ብትላቸው ዱሬቲ ትተርፋለች፣ እሳቸው ግን ሐኪም እንኳ የማይምለውን ጥፋት ተሸክመው ጉደር ይመለሳሉ፣ ምናልባትም የሌለባቸውን። አላውቅም ማለቱ እውነት ነበር፣ እሱን ደግሞ አልቀበልም ብለዋል። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው፣ ውሃው ከክርናቸው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዓይናቸው አፏ ላይ ነው።

አሁን እናንተ እዚያች ሶፋ ላይ ብትሆኑ፣ ምን ትሏቸው ነበር?